ያደረ ሾርባና የኔዶ ከበሮ

በጣሊያኗ ትንሽ ከተማ በፖጆሴኮ ሰው ሁሉ ሁለት ሃይማኖት አለው። የእሑድ ጠዋቱ የሴቶችና የሽማግሌዎች ነው፤ ቢቀሩም ቄሱ እንቅልፍ ይዟቸው ይሆናል ብሎ ያልፋቸዋል። የእሑድ ከሰዓቱ ግን ቀልድ አያውቅም። ከኳስ ሜዳ የቀረ ሰው ወይ ሞቷል፣ ወይ የቦርጎሌንቶ ሰው ነው፤ ከሁለቱ የቱ ይሻላል ቢባል ደግሞ የፖጆሴኮ ሰው ሳያመነታ የሬሳ ሳጥኑን ይመርጣል። ቦርጎሌንቶ ከወንዙ ማዶ ያለች ጎረቤት ከተማ ናት። ድልድዩን በእግር ለመሻገር አንድ ሲጋራ አይፈጅም። ጥላቻው ግን ከቅድመ አያት የወረደ ነው፤ ምክንያቱን የሚያውቅ የለም፣ ምክንያቱን የሚጠይቅም ሰላይ ነው።

ኔዶ ባርዳጺ የዚህ የሁለተኛው ሃይማኖት ሊቀ ጳጳስ ነበር። መተዳደሪያው ሥጋ መሸጥ ነው። ሥራህ ምንድን ነው ብትሉት ግን «ከበሮ መቺ ነኝ» ይላችኋል፤ ሥጋ የሚቆርጠው ከእሑድ እስከ እሑድ እጁ እንዳይፈታ ብቻ ነው። የቲፎዞዎቹ ማኅበር ሊቀመንበርም እሱ ነው። ከበሮውን ከአጎቱ ወርሶ፣ ቆዳውን ራሱ መርጦ ካረደው ጥጃ ለውጦ፣ ፀጉሩ ጥቁር ከነበረበት ዘመን አንስቶ ሲጎስመው ኖሯል። ሹመቱ ቀላል አይደለም፤ ኔዶ ካልመታ ማንም አያጨበጭብም፣ ኔዶ ካላቆመ ማንም አይቀመጥም። እሱ «ድም፣ ድም፣ ድምድምድም!» ሲያሰኘው ተጫዋቾቹ ወደፊት ይሮጣሉ። ኳሷ የት እንዳለች ማወቅ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዱይሊዮ ማዚኒ የሚባል አሰልጣኝ ይህን ቡድን ከሊጎች ሁሉ ጭራ አንስቶ አንድ ደረጃ ከፍ አደረገው። ሕዝቡ በትከሻው ተሸክሞ ፒያሳውን አዞረው፤ ባሩ ሳንዱዊች በስሙ ሰየመለት። በሳምንቱ ዱይሊዮ ድልድዩን ተሻግሮ ለቦርጎሌንቶ ፈረመ። ሳንዱዊቹ በዚያው ቀን ስሙ ተፋቀ፤ ውስጡ ያለው የአሳማ ሥጋ ግን ያው ስለነበር «የታማኞች ሳንዱዊች» ተብሎ መበላቱን ቀጠለ።

ከሁሉ የቆሰለው ኔዶ ነው። ዱይሊዮ ሐሙስ ሐሙስ ከልምምድ ሲመለስ እራቱን የሚበላው እሱ ቤት ነበር፤ የሚስቱን የፎስካን ሾርባ። «ማዕዴን የበላ!» እያለ ሲገላበጥ አድሮ፣ ሲነጋ የፎስካን የሠርግ አንሶላ ከአልጋው ገፎ፣ በቀይ ቀለም «ከሃዲ!» ብሎ ጽፎ ሜዳው አጥር ላይ ሰቀለው። እዚህ አሰልጣኝ ሁሉ፣ የእንግሊዝን ምድር ረግጦ ባያውቅም፣ «ሚስተር» ይባላል። ኔዶ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ዱይሊዮን «ሚስተር» ብሎት አያውቅም፤ «ያ ሰውዬ» ነው። ኔዶ ዱይሊዮን ይቅር አላለውም፤ ፎስካም ስለ አንሶላው ኔዶን ይቅር አላለችውም።

እነሆ ዘንድሮ ቡድኑ ወደ ድሮው ጭራው ሊመለስ ቋፍ ላይ ነው። አዲሱ አሰልጣኝ በኮምፒውተር ቀስት ሲስል ይውላል፤ ቀስቶቹ ያምራሉ፣ ተጫዋቾቹ ግን ቀስት አይደሉም። ተባረረ። የክለቡ ፕሬዚዳንት ሲኞር ብሩኔሮ የፍራሽ ፋብሪካ አለው፤ ሰው ማስተኛት ሙያው ነውና ቡድኑንም አስተኝቶታል። ዱይሊዮን መልሶ ለመቅጠር ፈለገ፤ ግን ፈራ። ፈሪ ባለሥልጣን የሚያደርገውንም አደረገ፤ ጉዳዩን ለሰፊው ሕዝብ መራው። «ሐሙስ ቲፎዞዎቹ ይሰብሰቡና ይወስኑ። እነሱ ይምጣ ካሉ ይምጣ» አለ። ከተሳካ ጥበቡ የሱ፣ ካልተሳካ ጥፋቱ የሕዝብ ማለት ነው።

ሰኞ ዕለት የኔዶ ሥጋ ቤት ከፓርላማ ባሰ። ፖስታ አዳዩ ኢላሪዮ፣ የኔዶ አብሮ አደግና ቀንደኛ ተከራካሪ፣ ቦርሳውን ባንኮኒው ላይ ጥሎ ቆመ።

«ስማ አንተ ሥጋ ሻጭ፣ ሰውዬው ጎል እንዴት እንደሚገባ ያውቃል። እኛ አሁን የምናውቀው እንዴት እንደሚገባብን ነው።»

«ያደረ ሾርባ ተሞቆ አይጣፍጥም!» አለ ኔዶ።

ይህች ተረት ለጣሊያን ሰው ለሁሉ በሽታ የምትታዘዝ ክኒን ናት። የድሮ ፍቅረኛ ታርቄ ልመለስ ቢል፣ የወደቀ ከንቲባ እንደገና ልመረጥ ቢል፣ የሄደ አሰልጣኝ ልምጣ ቢል «ያደረ ሾርባ!» ይባልና ክርክሩ ይዘጋል። ማሰብ ያደክማል፤ ተረት ግን በነጻ ነው።

«ያደረ ሾርባ ብቻ መሰለህ?» ኔዶ ጋለ። «አድርባይ ነው! እዚህ ያደረ፣ እዚያ ያደረ! ደግሞ ልንገራችሁ፤ ያ ሰውዬ የተመለሰ ቀን ከበሮውን አስቀምጣለሁ። ይኸው በዚህ ቢላዋ!» ብሎ ትልቁን ቢላዋ መክተፊያው ላይ ሰካው።

ሰልፍ የያዙት ሴቶች ዘምቢላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከበሮውን ያስቀመጠ ኔዶ ማለት ጥርሱ የወለቀ ውሻ ማለት ነው።

ማታ ፎስካ ወሬውን ከሦስት ጎረቤት ሰምታ ጠበቀችው።

«በምን ማልክ?»

«በቢላዋ።»

«በየትኛው?»

«በትልቁ።»

«በዚያ ዱልዱም? ቅቤ እንኳ አይቆርጥም እኮ! ለመማልም ስለት ያለው አጣህ?»

«ቃል ቃል ነው፣ ፎስካ።»

«ከበሮውን አስቀምጠህ እሑድ ከሰዓት እቤት ልትውልብኝ? እኔስ ምን በደልኩ?»

ረቡዕ ፎስካ ለስብሰባው የሚሆን ሾርባ በትልቁ ብረት ድስት ጣደች። ነጭ ቦሎቄ፣ ጥቁር ጎመን፣ የደረቀ ዳቦ። ኔዶ ማንኪያ ይዞ ሲጠጋ በጭልፋ እጁን አለችው።

«ነገ! ዛሬ ምኑም ምን አይደለም።»

«ትንሽ ልቅመስ።»

«ነገ ስልህ! አትማርም?»

አልተማረም።

ሐሙስ ሲመሽ ከባሩ ጀርባ ያለው አዳራሽ ጢም አለ። በማኅበሩ ልማድ መጀመሪያ ይበላል፣ ከዚያ ይመከራል፤ ባዶ ሆድ ሲመክር ወንበር ይወረወራልና። ድምፅ የሚሰጠውም በእጅ ሳይሆን በማንኪያ ነው። እጁን የሚያነሳ ሰው ወይን ጠጅ ጨምሩልኝ ያለ ስለሚመስል፣ ባለፈው የገንዘብ ያዥ ምርጫ ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን አሸንፎ ነበር። ሲኞር ብሩኔሮ ከራስጌ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። ኔዶ የመጀመሪያውን ሳህን ዋጠ፣ ሁለተኛውን አጣጣመ፣ ሦስተኛውን በዳቦ ጠረገ።

«ፎስካ፣ እጅሽን ይባርከው!» ብሎ ጮኸ ወደ ማዕድ ቤቱ። ተነሣ፤ ማንኪያውን እንደ ሰንደቅ ወደ ላይ ይዞ ቀጠለ።

«ወንድሞቼ! የፖጆሴኮ ልጆች! እኛ ድሆች ልንሆን እንችላለን፤ ግን ጣዕም የምናውቅ ሰዎች ነን! አባቶቻችን ያደረ ሾርባ ተሞቆ አይጣፍጥም ብለዋል። እስቲ ከመካከላችሁ፣ እዚህ ተወልዶ እዚህ ጥርስ ያበቀለ ሰው፣ ትናንት የፈላ ሾርባ ዛሬ ተሞቆ ቀርቦለት አፉ ያስገባ ካለ ይንገረኝ! አንድ ሰው!»

ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ሳህኑ ተመለከተ። ኔዶ ልባቸውን የነካ መሰለውና ማንኪያውን ይበልጥ ከፍ አደረገ።

ኢላሪዮ አፉን በናፕኪን ጠረገ። «ሊቀመንበር፣ አንድ ጥያቄ። አሁን የበላነው ምን ይባላል?»

«ምን ይባላል ትላለህ? ሪቦሊታ ነዋ!»

«ሪቦሊታ ማለት?»

«ሪቦሊታ ማለት...» አለ ኔዶ። ሪቦሊታ ማለት ሁለቴ የፈላች ማለት ነው። ረቡዕ ትፈላለች፣ ታድራለች፣ ሐሙስ የወይራ ዘይት ፈስሶባት እንደገና ትፈላለች። የፖጆሴኮ ሰው ከእናቱ ጡት ቀጥሎ የሚቀምሰው እሷን ነው፤ ተረቷንም የሚተርተው እሷኑ እያኘከ ነው። በስንት ዘመን ሁለቱን ያገናኘ ሰው አልነበረም፤ አፍና ጆሮ የአንድ ራስ ጎረቤታሞች ሆነው ሳይተዋወቁ መኖራቸው ይገርማል።

ፎስካ ጭልፋዋን ይዛ ከበሩ ብቅ አለች። «ሁለቴ ነው ያፈላሁት! ሦስት ሳህን ነው የበላው! ረቡዕ ሊቀምስ ሲል እኔ ነኝ የከለከልኩት!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ አንዱ ዕንባውን ይጠርጋል፣ ወይን ጠጅ በአፍንጫው የወጣም አለ። ሲኞር ብሩኔሮ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጠነ። «ዱይሊዮ ይመለስ የምትሉ!» ብሎ ጮኸ። የማንኪያ ጫካ በቀለ። ኔዶ እንደ ሐውልት ደርቆ፣ ማንኪያውን እንዳነሳ ቆሟል።

«በሙሉ ድምፅ!» አለ ፕሬዚዳንቱ። «ሊቀመንበሩን ጨምሮ!»

«እኔ እኮ ንግግር ላይ ነኝ!»

«ማንኪያ ማንኪያ ነው፣ ኔዶ» አለው ኢላሪዮ፤ «ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ።»

ኔዶ ሞኝ ሊሆን ይችላል፤ ውሸታም ግን አይደለም። በማግስቱ ከበሮውን ተሸክሞ ሄዶ ለሲሪዮ አስረከበ። ሲሪዮ ቀብር አስፈጻሚ ነው፤ የተመረጠው ጥቁር ሱፍ ስላለው ነው። ዱይሊዮ ሸብቶ፣ ከበፊቱ ወፍሮ መጣ፤ ተጨበጨበለት። እሑድም ሆነ።

ሲሪዮ ከበሮውን የሚያውቀው በአንድ ምት ብቻ ነበር። ድም... ድም... ድም። ቲፎዞው በዚያው ልክ አጨበጨበ፤ ተጫዋቾቹም በዚያው ልክ ሮጡ፤ ማለት ከሬሳ ኋላ እንደሚሄድ ሰው ተጓዙ። የተጋጣሚው ግብ ጠባቂ አማተበ። አንዲት ባልቴት ማን እንደሞተ ጠየቀች። ሦስት ለባዶ ተሸነፉ።

ኔዶ በሩን ገርበብ አድርጎ ሥጋ ቤቱ ውስጥ ነበር። ሜዳው ከጀርባው ስለሆነ ሁሉም ይሰማዋል። ሳይታወቀው መክተፊያው ላይ በቢላዋ ጀርባ «ድም፣ ድም፣ ድምድምድም» ሲመታ ራሱን አገኘው። ለሰኞ ያሰበው ጭን የተፈጨ ሥጋ ሆነ።

ሰኞ ክርክሩ በአዲስ መልክ ተነሣ፤ አሁን የሚያከራክረው ኔዶ ይመለስ አይመለስ የሚለው ነው።

«አይሆንም!» አለ ኢላሪዮ፣ ሰልፍ መሃል ቆሞ፣ ፊቱን አኮሳትሮ። «የሄደ ሄዷል። ያደረ ሾርባ ተሞቆ...»

«ሥጋ ካልገዛህ ውጣ!» አለ ኔዶ። ጆሮው ቀልቷል። ሴቶቹ ኢላሪዮን በዘምቢል ደበደቡት። ቃል ቃል ነውና ኔዶ ሥጋ መመዘኑን ቀጠለ።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሱቁ ባዶ ሆኖ ሳለ በሩ ተከፈተ። ዱይሊዮ ነው። ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊት አልተያዩም።

«ኔዶ።»

«ምን ልመዝን?»

«ቋሊማ። ሁለት... አይ፣ አራት።»

ኔዶ መዘነ፣ ጠቀለለ፣ ቀና አላለም። ዱይሊዮ ግን አልወጣም።

«ስድብህን ስጠኝና ልሂድ። ይገባኛል። ግን ተቀጥቻለሁ፣ ኔዶ። ቦርጎሌንቶ ሾርባውን እንዴት እንደሚበሉት ታውቃለህ?»

«እንዴት?»

«በዕለቱ። አንዴ አፍልተው፣ በዚያው ቀን።»

ኔዶ ቀና አለ። «በዕለቱ? ሳያድር?»

«ሳያድር። ዘጠኝ ዓመት።»

«አረመኔዎች!» አለ ኔዶ፤ ሳይወድ በግዱ ልቡ ራራ። ጠላት እንኳ ቢሆን ሰው እንደዚህ አይቀጣም። «ዳቦውስ?»

«ትኩስ ዳቦ ይጨምሩበታል።»

ኔዶ አማተበ።

«እኔ ያለ ያንተ ከበሮ ምንም አላደርግም» አለ ዱይሊዮ። «ልጆቹ እግራቸው ታሰረ። በምን ነው የማልከው?»

ኔዶ በአገጩ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ትልቅ ቢላዋ አመለከተ። ዱይሊዮ ቢላዋውን አውርዶ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፤ ከዚያ ፈገግ አለ።

«ይሄ ያ ዱልዱሙ አይደለም? ፎስካ ያኔም ታማርርበት የነበረው? ቋሊማ የማይቆርጥ ቢላዋ ሰውን ከከበሮው እንዴት ቆርጦ ይለያል?»

ኔዶ ብዙ አሰበ። የሕግ ሊቃውንት ያልደረሱበት አንቀጽ ነበር። ቢላዋውን ተቀብሎ ቋሊማው ላይ ሞከረው፤ ቋሊማው ተጨፈለቀ እንጂ አልተቆረጠም። ማስረጃው ሙሉ ሆነ።

«ነገ ሐሙስ ነው» አለ ኔዶ። ዘጠኝ ዓመት ያደረ ቃል አፉ ውስጥ ሲፈላ ይታይ ነበር። «ፎስካ ዛሬ ጥዳለች። እራት ና... ሚስተር።»

እሑድ ሲሪዮ ከበሮውን ሲያስረክብ ከኔዶ ይልቅ እሱ ደስ ብሎት ነበር። «ድም፣ ድም፣ ድምድምድም!» ኔዶ ሲያሰኘው ሜዳው ነቃ፤ ባልቴቷ ዘለለች፤ ፖጆሴኮ አቻ ወጣ፤ አንድ ለአንድ። አቻ የወጣ ሕዝብ እንደዚያ ሲጨፍር ታይቶ አያውቅም። ኢላሪዮ «ያደረ ሾርባ! ያደረ ሾርባ!» እያለ አስጨፈረ፤ ተረቷ በአንድ ሳምንት ከስድብነት ወደ ዘፈን አደገች።

ፎስካም ከሌላው ጋር ስታጨበጭብ ቆይታ፣ ድንገት ዓይኗ አጥሩ ላይ አረፈ። አንድ ሰፊ ነጭ ጨርቅ በነፋስ ይውለበለባል፤ በቀይ ቀለም «ሁለቴ የፈላ ይጣፍጣል!» ይላል። ዳሩ ላይ ጥልፍ አለበት። ጥልፉን ለሠርጓ የጠለፈችው እሷ ናት።

«ኔዶ!» አለች።

ኔዶ ሰምቷታል፤ ከበሮውን ግን አላቆመም። እንደውም ጠንከር አድርጎ መታው።