የቢያጆ ቀይ ጨሌ

ቴሳ ሱፍ ፈታይ ነበረች። ከአርኖ ወንዝ ማዶ፣ ቀለም ነካሪዎች ሰፈር ውስጥ፣ ከባሏ ከሜዖ ጋር በአንዲት ክፍል ትኖር ነበር። ሁለት ልጆች ቀብራለች። ሦስተኛው፣ ቢያጆ፣ ሲወለድ አማቷ ከባሕር የወጣ ቀይ ጨሌ አምጥታ አሰረችለትና፣ «ይህ ካንገቱ እንዳይወርድ። የዚያኞቹ አንገት ባዶ ነበር» አለቻት። ቃሉ እንደ እሾህ ውስጧ ቀረ።

አለቃ ቢንዶ የሚባል ሠዓሊ ለደብራቸው እመቤታችንን ከነልጇ ሊሥል ድንቡሽቡሽ ያለ ሕፃን ሲፈልግ ቢያጆን አየ። ሰፈሩ ሁሉ «ታደልሽ!» አላት። እሷ ግን ሥዕል ቤቱ ውስጥ ገቢ ወጪው ልጇን ባየው ቁጥር የሰው ዓይን እንዳይወጋው ፈርታ ጨሌውን ትነካካ ነበር። አንድ ቀን ቢያጆ አልቀመጥ ብሎ አስቸገረ።

«በይ ውሰጂው። ጨሌውን ግን ተዪልኝ፤ እሱ እንኳ አይንፈራገጥም» አላት ሠዓሊው።

«እሱስ ካንገቱ አይወርድም፣ አለቃ።»

«ለጌታ እኮ ነው! ለጌታ ጨሌ ትነሺዋለሽ?»

ፈታችው። አለቃ ቢንዶም ሚስማር ላይ ሰቀለው።

በማግስቱ ቢያጆ በትኩሳት እንደ እሳት ተቃጠለ። ሜዖ «ጥርስ ሊያወጣ ነው፣ አንቺ ደግሞ!» ቢላትም አልሰማችውም። ገና ጎህ ሲቀድ ልጇን ታቅፋ ሥዕል ቤቱ ደረሰች።

«ጨሌውን ገና ግማሹን ነው የሣልኩት። ነገ ነይ።»

«ነገ ይዤው የምመጣው ልጅ ባይኖርስ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ እመቤታችን ትጠብቀው የለም?»

«እሷስ የራሷን ልጅ መች ከሞት አስጣለችው!»

የተናገረችውን የሰማችው ካፏ ከወጣ በኋላ ነው። ቀለም ይፈጩ የነበሩት ረዳቶች እጃቸው ደረቀ። አለቃ ቢንዶ አልተቆጣም። ፊቷን ትኩር ብሎ አይቶ ጨሌውን ከሚስማሩ አወረደና ራሱ አሰረለት። ቋጠሮው ስለላላ ቴሳ ፈትታ እንደገና አጠበቀችው።

ትኩሳቱ ግን ወዲያው አልለቀቀውም። አሁን የምትፈራው የሰውን ዓይን ሳይሆን የገዛ አፏን ነበር። ስትፈትል ክሩ ይበጠስባት፣ ስትጸልይ «እመቤቴ» ካለች በኋላ የምትለው ይጠፋባት ጀመር። በመጨረሻ ጥርሱ ድዱን ሰንጥቆ ወጣና ቢያጆ በላብ ተነክሮ ተኛ። ሜዖ «አላልኩሽም?» ብሎ ሳቀባት። እሷ አልሳቀችም።

ሥዕሉ ደብሩ ውስጥ በተገለጠ ቀን ሰዉ ተጋፍቶ አየው። ከሕፃኑ አንገት ላይ የሚታየው ግማሽ ጨሌ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ እናቲቱ አንገቱን በያዘችበት መዳፍ ሥር ተሸፍኗል።

ጎረቤቷ ቤቻ በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። «አያያዟን እዪልኝማ! ሊወስዱባት የመጡ ነው የሚመስለው።»

ቴሳ ቀና ብላ የእመቤታችንን ፊት ለማየት አልደፈረችም። የቢያጆን አንገት ዳሰሰች። ቋጠሮው እንደጠበቀ ነው። ትንሽ ቆይታ ደግማ ዳሰሰችው።