በሁዳዴ የተቀቀለው ጡጦ

እመት ወለተሩፋኤል ንጹሕ ሴት ነበሩ። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ዓመተ ምሕረት የእኅታቸውን ልጅ ሞት አፋፍ ያደረሳት ንጽሕናቸው ነበርና።

የሚኖሩት ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ዳርቻ ነው። ጥጥ ፈትለው ያድራሉ፤ ልጅ አልወለዱም። ታናሽ እኅታቸው ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ በወሊድ ስትሞት፣ አራስ ሕፃኗን አቅፈው በጭነት መኪና ጋቢና ጎንደር ገቡ። ዘመድ ሁሉ "ወገራ ትቅር፣ የምታጠባ አትጠፋም" ቢላቸው፣ "እኅቴ አደራዋን የሰጠችው ለእኔ ነው" ብለው እንቢ አሉ። ስሟን ይመኙሽ አሏት።

እኔ ያን ጊዜ የጤና ተማሪ ነበርሁ። ቤት ለቤት እየዞርን እንድናስተምር ስንመደብ የእሳቸው ቤት ለእኔ ደረሰኝ። አንድ የጠርሙስ ጡጦ፣ ሁለት የላስቲክ ጫፍና በከረጢት የወተት ዱቄት ይዤላቸው ሄድሁ። ጡጦው ልጅቱ በጠባች ቁጥር ውስጡ በብሩሽ እንዲፈተግ፣ ከዚያ ከነላስቲኩ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ እንዲቀቀል አሳየኋቸው። አገሩ ደጋ ስለሆነ ውኃው ቶሎ ይንተከተካል፤ መንተክተኩ አያታልልዎ፣ ሩብ ሰዓት ይቆይ አልኋቸው። ሰዓት አልነበራቸውም። አስበው አስበው፣ "አቡነ ዘበሰማያት ሃያ ጊዜ ብደግም ይበቃል?" አሉኝ። ሰዓቴን ይዤ አስደገምኋቸው። በቃ።

በዓይን የማይታይ ተባይ በሽታ እንደሚያመጣ ስነግራቸው እንደሌሎቹ አልሳቁም። "የማይታይ ነገር እንዳለማ ከአንተ በፊት አውቃለሁ" አሉኝ። ጥርን ሙሉ ልጅቱ ወፈረች፤ ጉንጯ ክብ ሆነ።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ተቅማጥ ያዛት። ሦስት ቀን ተመላለስሁ። ሦስቱንም ቀን ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁ፣ ያንኑ መልስ አገኘሁ።

"ውኃ ያፈላሉ?"

"አፈላለሁ።"

"ጡጦው ይታጠባል?"

"ከዓይኔ ብሌን ይልቅ ይጠራል።"

ሰኞ ረፋድ ላይ ስደርስ ይመኙሽ ጭናቸው ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርግታለች። እርግብግቢቷ ጎድጉዷል። የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ብለቀው እንደተጨማደደ ቀረ። ታለቅሳለች፤ ድምፅ አላት፣ እንባ ግን የላትም። እኛን ተማሪዎቹን የሚያሠማራው አለቃዬ ጠዋት "እስከ ነገ ቀትር ካላነባች በከንቱ አትድከም" ብሎኝ ነበር። ይህን አልነገርኋቸውም። እሳቸው ግን ከፊቴ አነበቡት መሰለኝ፣ ልጅቱን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጓት።

የማደርገው ሳጣ ጡጦውን አንሥቼ ወደ በሩ ብርሃን ያዝሁት። እንከን የለውም። ከዚያ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አፍንጫዬ ላይ አስጠጋሁት። የተቀቀለ ጠርሙስ ምንም አይሸትም። ይህ ግን ጭስ ጭስ አለኝ።

"እመት፣ ይህ ጡጦ ምን ነክቶት ነው?"

"ወይራ ነዋ! ወተት የሚገባበት ዕቃ ሳይታጠን? እናትህ ቅሏን ስታጥን አላየህም?"

"ተቀቅሎ ነው የታጠነው?"

የልጅቱን መጠቅለያ ማስተካከል ያዙ። ጎረቤታቸው ዙህራ፣ የሻሽ ነጋዴው የዐብደላ ሚስት፣ ልጅቱን ልትጠይቅ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

"በይ ንገሪው እንጂ እታለም" አለች። "ለእኔ ስትነግሪኝ ምላስሽ መቼ ተያዘ?"

"አንቺ ዙህራ፣ ዝም በዪ!"

"እኔ ዝም ብል ልጅቱ ዝም ልትል ነው።"

እመት ወለተሩፋኤል ቀና ብለው አዩኝና ወደ ምድጃው በአገጫቸው ጠቆሙ። ከጣሊያን ጊዜ የቀረች ክዳን ያላት የብረት ድስት ተጥዳለች። ሌላ የሸክላ ድስት ነበራቸው፤ ጥር ላይ ተሰነጠቀች። በቅበላ ማታ ይህችን ብረት በአመድና በአሸዋ ፈትገው፣ በሦስት ውኃ አጥበው፣ ለጾም ለይተዋታል። ከዚያ ወዲህ ከሽሮና ከምስር፣ ከንጹሕ ውኃም በቀር አልነካትም። ወተት የያዘ ጡጦ ከገባባት ፍስክ ሆነች ማለት ነው፤ በእሷ የበሰለውን የበላም ጾሙን ገደፈ። ስለዚህ ለወተቱ የሚሆነውን ውኃ ያፈሉባታል፤ ጡጦውን ግን ባልፈላ የምንጭ ውኃ አጥበው በወይራ ያጥኑታል። ከወገራ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የወተት ዕቃ ንጽሕና ይኸው ነው።

"ምነው ሳይነግሩኝ?"

"ምነው ሳትጠይቀኝ? ውኃ ያፈላሉ ወይ አልኸኝ፤ ውኃ አፈላለሁ።"

ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ስለ እውነትና ስለ ሐሰት የተጻፈውንም ጭምር። ያን ምላሻቸውን ሐሰት የሚያሰኝ ግን አላገኘሁም። ሦስት ቀን ሙሉ እውነቱን ነግረውኛል። በመልሳቸው ውስጥ ልጅቱ ስትደርቅ ያላየሁ እኔ ነበርሁ።

"ሸክላ ዛሬውኑ እንግዛ" አልሁ።

"ሸክላ የሚመጣው ቅዳሜ ነው።"

"ከጎረቤት?"

"የማን ክርስቲያን ድስት ነው በሁዳዴ ለወተት የሚሰጥ?"

"የእኔ ድስት አለች" አለች ዙህራ። "ሁዳዴ አታውቅም።"

"ሥጋሽን የቀቀልሽባት ናት።"

"ጡጦው ሥጋ ይበላል እንዴ?"

"አትቀልጂ! የእስላም ሥጋ ከተቀቀለበት የወጣ ላስቲክ አፏ ውስጥ ከትቼ፣ እኅቴ በወዲያኛው ዓለም ስትጠይቀኝ ምን ልላት ነው?"

"ልጅቱ ከነአካቴው ቀድማሽ ብትሄድስ ምን ትያታለሽ?"

ዙህራ ቃሉ ካፏ እንደወጣ በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች። እኔ የነፍስ አባታቸው ሊፈቱላቸው እንደሚችሉ ተናገርሁ፤ ቄሱ ግን ለተዝካር ወደ አይከል ከተማ ወርደዋል፣ የሚመለሱት ሐሙስ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ልጅቱ አንዴ አቃሰተች። ከዚያ ማቃሰቱንም ተወችው።

እመት ወለተሩፋኤል ልጅቱን ለእኔ አቀበሉኝና ተነሡ። የድስቷን ክዳን ከፈቱ። ለዘጠኝ ሰዓት የሠሩት ሽሮ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። በሳሕን ገልብጠው ለዙህራ ሰጧት።

"ለልጆችሽ።"

"አንቺስ?"

ድስቷን አጠቡ፣ ውኃ ሞሉ፣ እንጨት ጨመሩ። ጡጦውን ይዘው ከድስቷ አፍ በላይ ጥቂት ቆሙ።

"ድስቷ ትግደፍ" አሉ። "እኔ አልገድፍም።"

ጡጦውንም ላስቲኮቹንም አሰጠሟቸው። ውኃው መንተክተክ ሲጀምር አቡነ ዘበሰማያት አሉ። ጠርሙሱ ከብረቱ ጋር ሲጋጭ ይሰማል፤ ዙህራ ሳሕኗን እንደያዘች በጣቶቿ ትቆጥራለች። ሃያ ሲሞላ "ይበቃል" አልኋቸው። እስከ ሠላሳ ደገሙ።

ከዚያ ከፈላ ውኃ ጥቂት ጨውና ስኳር በጥብጠን በማንኪያ ጀመርን። ማንኪያውም ተቀቀለ። የመጀመሪያውን ተፋችው። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ጉሮሮዋ ላይ ሲወርድ አየን። እስኪመሽ ድረስ ተራ በተራ ሰጠናት፤ እኔ ስሄድ ሁለቱ ሴቶች ቀሩ።

ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መጣሁ። ገና ከውጭ ሳለሁ ጩኸት ሰማሁና መሮጥ ጀመርሁ።

"አለቀሰች!" እያለች ዙህራ ወደ በሩ ወጣች። "አልሐምዱ ሊላህ፣ አለቀሰች!"

"ትናንትም ታለቅስ ነበር እኮ።"

"ና ገብተህ እይ፣ አንተ ሐኪም ተብዬ!"

ገባሁ። በግራ ጉንጯ ላይ አንዲት የእንባ ጠብታ ወርዳ ከጆሮዋ ግርጌ ቆማለች። እመት ወለተሩፋኤል አልጠረጓትም። ሁላችንም እዚያች ጠብታ ላይ አፍጥጠን ቆየን።

ቅዳሜ አለፈ፣ ሁለተኛውም ቅዳሜ አለፈ። አዲስ ሸክላ አልገዙም። ቆሎና ደረቅ ቂጣ ብቻ እየበሉ ከስተው ሳገኛቸው ተቆጣሁ። ቄሱ እንኳ "ለሕፃን ነውና አልበደልሽም፤ አዲስ ድስት ገዝተሽ ብዪ" ብለዋቸዋል።

"ሰኞ ዕለት ጡጦውን ስከት ተስያለሁ" አሉኝ። "ከተረፈች እስከ ፋሲካ ድስት የነካው አልቀምስም ብዬ። የእኔን ጾም በድስት መለካት ልማዴ ነበር፤ አሁን ድስቷ ሥራ ይዛለች።"

"እታለም ቁንጣን የለባትም፤ ጤነኛ ናት" አለች ዙህራ ከበሩ፣ የሚንጣጣውን ቆሎ በአገጯ እያመለከተች።

ይመኙሽ ጀርባቸው ላይ ታዝላ ነጠላቸውን ታኝካለች። ድስቷ ምድጃው ላይ ትንተከተካለች። ልወጣ ስል ንጹሕ ጨርቅ ላይ የተደፋውን ጡጦ አነሣሁና አፍንጫዬ ላይ አስጠጋሁት። እመት ወለተሩፋኤል እንዝርታቸውን አቁመው ጠበቁ።

ምንም አልሸተተኝም።