ለታናሽ እህቴ የምላት

ልጄ ሞቶ ከተወለደ በኋላ «ያን ጀሪካን ውሃ ባልሸከም ኖሮ» እያልኩ ራሴን እወቅስ ነበር። ሐኪሞቹ በሸክሙ እንዳልሆነ ቢነግሩኝም አላመንኳቸውም። ሰው ፊት መውጣት አፈርኩ። በመጨረሻ ባለቤቴ ከምንኖርበት ከአምበር ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰደኝና ከአንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ ጋር አገናኘኝ።

ሁሉንም ከነገርኳት በኋላ፣ «ይህ በታናሽ እህትሽ ቢደርስ ምን ትያት ነበር?» አለችኝ።

«‹አይዞሽ እህቴ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?› እላታለሁ።»

«እስኪ ይህንኑ ለራስሽ በዪው።»

ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። እሷም ሳትቸኩል ጠበቀችኝ። በመጨረሻ ለራሴ «አይዞሽ» አልኩ። ያን ቀን ራሴን ሳልረግም ለልጄ አለቀስኩለት።

ወቀሳው ዛሬም አልፎ አልፎ ይመጣብኛል። ሲመጣ ግን እህቴን እንደማባብል ራሴን አባብላለሁ።