በመስተዋት ላይ የቀረው ጅራታም ኮከብ

እኛ የሰፈሩ ሰዎች «ፎቶ አንሺው» የምንላቸው አቶ ታረቀኝ ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም ድካም አርፈው በደብረ ታቦር ኢየሱስ ተቀብረዋል። እኔ በጉርብትናቸው ያደግሁ፣ ዘንድሮ ኮሌጅ የገባሁ ተማሪ ነኝ። ለሚያውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው በሰልስታቸው ዕለት የሰማነው ነገር በዚያው እንዳይቀር ብዬ ነው።

አቶ ታረቀኝ ሥራ ላይ አይቸኩሉም ነበር። ደህና ልብስ የሌለው ሰው ሲመጣ የራሳቸውን ጥቁር ኮት አልብሰው «ወንድሜ፣ ፎቶ ውስጥ እንኳ አይብረድህ» ይሉታል። በስንቱ አባወራ ግድግዳ ላይ ያ ኮት ተሰቅሏል! ያም ሆኖ የሰፈራችን ጽዋ ማኅበር አላስገባቸውም። ምክንያቱ በጣሊያን ዘመን የሆነ ነገር ነው።

በዚያ ዘመን አንድ ሰሞን ጅራታም ኮከብ በምዕራብ ታየ። ከመሸ ከቤት መውጣት ክልክል ስለ ነበር፣ አቶ ታረቀኝ ኮከቡን ለማንሣት ከጣሊያኑ ሹም ፈቃድ ጠየቁ። ሹሙም ፎቶውን እንዲያመጡለት አዝዞ ፈቀደላቸው። ሰው በሩን ዘግቶ በቀዳዳ ሲያይ እርሳቸው ካሜራቸውን ተሸክመው ኮረብታ ወጡ። «ባንዳ ባይሆን ማን ይፈቅድለታል?» ተባለ። በማግሥቱ ለሹሙ «ፎቶው ተበላሽቷል» በማለታቸው ታሰሩ፤ ተገረፉ፤ ካሜራቸውም ተወሰደ። ብዙ ሳይቆዩ ሲፈቱ ደግሞ የሰው ጥርጣሬ ባሰ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ የሆኑት አባቴ አርበኛ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ እንኳ «አያ ታረቀኝ፣ ከእስር ያማለደዎት ኮከቡ ነው?» ይሏቸው ነበር። እርሳቸውም «ኮከቡን ነው ያነሣሁት» ይሉ ነበር።

በሰልስቱ ባለቤታቸው ወይዘሮ እናናዬ በነጠላ የተጠቀለለ መስተዋት አወጡ። ፎቶው ወረቀት ላይ ከመታተሙ በፊት የተቀረጸበት፣ ብርሃን ጥቁር ሆኖ የሚታይበት ነው። ከላይ ጅራታሙ ኮከብ እንደ ጥቁር ጭረት ይታያል። ከሥሩ የማዶው ሸንተረር አለ፤ አናቱ ላይ ግን በቢላዋ ተፍቋል።

«ከከተማ የማይታይ የአርበኞች እሳት ነበረበት» አሉ ወይዘሮ እናናዬ። «ያን ምሽት ዓይናቸው ኮከቡ ላይ ነበርና፣ ሲያጥቡት ነው አይተው የደነገጡት። ‹ኮከቡን ሁሉም አይቶታል፤ እነዚህን ልጆች ግን ማንም ማየት የለበትም› ብለው ፋቁት።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?» አሉ አባቴ፣ ገና እየተጠራጠሩ።

«‹ጣሊያን ከወጣ ወዲህ አርበኛ ያልነበረ ሰው አላገኘሁም፤ እኔም ልጨመር?› ይሉኝ ነበር።»

አባቴ መስተዋቱን ወደ ብርሃን አንሥተው ሸንተረሩን ደጋግመው አዩት። 

«ብርዱ አላስቆም ቢለን፣ እሳቱን ያነደድሁት እኔ ነኝ» አሉ።

አቶ ታረቀኝ ሆይ፣ ስንጠራጠርዎ ኖረን ዛሬ ብናምንዎ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል? የዚህ ወር ጽዋ ከእኛ ቤት ነበር። አባቴ ተሸክመው ከደጅዎ አድርሰውታል፤ ወይዘሮ እናናዬም የሚቀጥለው ወር ተረኛ ሆነው ተቀብለውታል። ያን ኮት ለስንቱ አልብሰዋል፤ በሄዱበት አይብረድዎ።