የእህት አልቬራ እግር ወለል ይነካል

እኔን እስከ ዛሬ አንድም ጋዜጠኛ ጠይቆኝ አያውቅም። ይህን መጀመሪያ ልናገረውና ይውጣልኝ። ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ ጆርጂያ ውስጥ ጥቁር ሆኜ ኖሬያለሁ፣ ሠላሳ አንዱን ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቻለሁ፣ ስለ አገሩ ፖለቲካም የማልለው የለም። ግን ዴሞክራት ነኝ። ጥቁር ሽማግሌ ዴሞክራት ነው ማለት ለጋዜጠኛ ዝናብ ከላይ ወደ ታች ወረደ እንደማለት ነው፤ ማን ይጽፈዋል?

ጎረቤቴ እህት አልቬራ ቲምስ ግን ሪፐብሊካን ናት። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ቁመቷ ከደረቴ አያልፍም፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር ደጇ ላይ የኪራይ መኪና ይቆማል። ከመኪናው ማስታወሻ ደብተር የያዘ ሰው ይወርዳል። እኔ ከአጥሩ ማዶ ቲማቲሜን እያጠጣሁ ጉሮሮዬን እጠራርጋለሁ። ሰላም ብለውኝ ወደ እሷ ያልፋሉ። ያንገበግበኛል፤ ምን ይደበቃል!

አልቬራ አዲስ ነገር አትወድም። መንግሥት በዓመት ሁለቴ ሰዓታችሁን አንዴ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ አዙሩ ሲል እሷ አታዞርም። ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ ለሁሉም ነገር አንድ ሰዓት ዘግይታ ትመጣና «እናንተ ናችሁ የቸኮላችሁት» ትላለች። ሪፐብሊካን የሆነችውም አንድ የወረዳ ሹም፣ ዴሞክራት ነበር፣ የእናቷን መንገድ አስፋልት አስነጥፋለሁ ብሎ ምሎ፣ እናቷ የጋገረችውን የኮክ ፓይ ጥርግ አድርጎ በልቶ በዚያው ስለቀረ ነው። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ያንኑ ጭቃ እንደረገጠች ሞተች። «ቃሉን የሚበላ ሰው ፓዬን አይበላም» ትላለች። በዚህ አርባ ዓመት ተጨቃጭቀናል። የምርጫ ቀን ግን በእኔ መኪና አብረን እንሄዳለን፤ እሷ የእኔን ድምፅ ታጠፋለች፣ እኔ የሷን አጠፋለሁ፣ ስንመለስ የተጠበሰ አሳ እንበላለን።

ባለፈው የምርጫ ዓመት ግን አልቬራ ለምርጫው ደንታ አልነበራትም። ያንገበገባት የቤተ ክርስቲያናችን አግዳሚ ወንበር ነበር። አሥራ አራቱንም የሠራቸው ባሏ ሉሺየስ ነው፤ አናጢ ነበር፣ በተጋቡ በዓመቱ፣ የዛሬ ሃምሳ ስድስት ዓመት። እሱ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። አዲሱ ፓስተራችን ዴቮን አትላንታ ሄዶ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አየና እኛም ስፖንጅ ያለው ወንበር ይኑረን አለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች! አግዳሚዎቹን ደግሞ ለጌጥ የሚፈልጋቸው አንድ የአትላንታ ምግብ ቤት አገኘ። ምርጫው ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው፣ በሁለተኛው እሑድ፣ ምእመኑ እጅ አውጥቶ ሊወስን ተቀጠረ።

እኔ የስፖንጁ ደጋፊ ነበርኩ።

«አንተ ከሃዲ» አለችኝ።

«ከሃዲ አይደለሁም፣ ወገቤን አሞኝ ነው። ደግሞ እሱ ሦስተኛው በግራ በኩል ያለው፣ የምትቀመጪበት፣ ተበላሽቶ ያጠረ ነው። የተቀመጠበት ሁሉ ጉልበቱ አገጩ ጋ ይደርሳል።»

ይህ የቤተ ክርስቲያኑ የድሮ ቀልድ ነው። ሉሺየስ ሙሽራ ሆኖ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ስለነበር አንዱን አበላሸው እየተባለ ይሳቃል። ፓስተር ዴቮንም ከመድረክ ቀልዶበታል። አልቬራ ጋ ግን ሳቅ የለም፤ እሱን አግዳሚ ለማንም አትለቅም።

ታዲያ ሜሬዲት የምትባል ጋዜጠኛ ከኒውዮርክ፣ ከትልቅ መጽሔት ስትደውል ለአልቬራ ዘዴ መጣላት። «አግዳሚዎቹ መጽሔት ላይ ከወጡ ማን ደፍሮ ይሸጣቸዋል?» አለችኝና ፓይ ጋገረች።

ሜሬዲት መጣች። ቀጭን፣ ትሑት፣ አልቬራ ገና አፏን ሳትከፍት አንገቷን በሐዘን የምትነቀንቅ ልጅ። እኔ አጥሩ ጋ ጆሮዬን ተክያለሁ።

«ወይዘሮ ቲምስ፣ እንደ ጥቁር ሴት ወግ አጥባቂ መሆን ምን ዓይነት ስሜት ይሰጣል?»

«ጥሩ ነው። አግዳሚዎቹን ላሳይሽ?»

«አያለሁ። ግን ውስጥዎ የሚጋጭ ነገር የለም? ሕመም?»

«ጉልበቴ ያመኛል፣ ሲዘንብ። ብድግ በይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ነው።»

ሄዱ። አልቬራ አሥራ አራቱንም አንድ በአንድ አስዳሰሰቻት። ልጅቷ ስትመለስ ደብተሯ ሞልቶ ነበር፤ አልቬራም ደስ አላት።

በሳምንቱ ቦይድ የሚባል ሰው መጣ፣ የሪፐብሊካኖቹ ወገን ድረ ገጽ ጸሐፊ፣ ክራባቱ እንደ ምላስ የረዘመ። እሱ ደግሞ አያዝንም፣ ያጨበጭባል። «እርስዎ ጀግና ነዎት! ከመንጋው ተለዩ!» አላት።

«የቱ መንጋ?» አለች አልቬራ። በጣቷ ወደ አጥሩ እያሳየች፣ «ሆሬስን ነው? እሱ መንጋ አይሆንም፣ አንድ ነው።»

ቦይድ የፓርቲ ቆብ አውጥቶ አድርገው ፎቶ ይነሱ አላት። በቤት ውስጥ ቆብ ነውር ነው ብላ እምቢ አለች። አግዳሚዎቹን ላሳይህ ስትለው አውሮፕላን ሊያመልጠኝ ነው አለ። አንዷ ቁስል ፈልጋ መጣች፣ አንዱ ሜዳሊያ ይዞ መጣ፤ አግዳሚ የፈለገ የለም። ሁለቱም ግን ፓይ በልተዋል።

ውሳኔው አራት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የአልቬራ ስልክ ጮኸ። እኔ በረንዳዋ ላይ ነበርኩ። እጇ ሊጥ ስለነበረ ድምፅ ማጉያውን ተጫነችው።

«ወይዘሮ ቲምስ፣ ቶባያስ እባላለሁ፣ የመጽሔቱ መረጃ አጣሪ ነኝ። ሜሬዲት የጻፈችው እያንዳንዱ ነገር እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ። የበረንዳዎ ቀለም አረንጓዴ ነው?»

«ነው።»

«ፓዩ የኮክ ነው?»

«ነው። ሦስት ቁራጭ በላች።»

«እዚህ አንድ ይላል።»

«ሦስት ነው ልጄ። እውነት ካጣራህ አይቀር አጣራ።»

የእርሳስ ድምፅ ተሰማ። «'ከአጥሩ ማዶ አንድ ሽማግሌ ቲማቲም ያጠጣል' ይላል። ትክክል ነው?»

«ሽማግሌ?» አልኩ ከወንበሬ ተነስቼ። በሰባ ስምንት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጻፍኩ፣ እሱም ሽማግሌ ተብዬ!

«ትክክል ነው» አለች አልቬራ።

«እሺ። የመጨረሻው፦ 'ወይዘሮ ቲምስ ዘወትር በሚቀመጡበት ሦስተኛው አግዳሚ ላይ እግራቸው ወለል አይነካም። በዘራቸውና በፓርቲያቸው መካከል እንደተንጠለጠሉ ይኖራሉ።' እግርዎ ወለል አይነካም?»

አልቬራ ሊጡን ትታ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ምን አለች?»

ልጁ ደገመው።

«በሬ ወለደ! እግሬ ይነካል!»

«ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ግን አስተያየት ስለሆነ…»

«ሁለተኛው የራሷ ጣጣ ነው! እግሬ ይነካል!»

«ይቅርታ፣ ቁመትዎ አራት ጫማ ከአሥር ኢንች ነው። አግዳሚ ደግሞ በተለምዶ አሥራ ስምንት ኢንች…»

«በሌሎቹ ላይ አይነካም። የኔ ጋ ግን ይነካል፣ ወለሉ እዚያ ጋ አብጧል።»

«ሌላ የሚያረጋግጥልን ሰው ይኖራል?»

አልቬራ አየችኝ። «ሆሬስ አለ። በፖለቲካ ውሸታም ነው፣ ሜትር ማንበብ ግን ይችላል።»

እንዲህ ሆነና ወዲያው ሜትር፣ ባትሪና ውሃ ልክ ይዤ ባዶ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ወገቤ እያቃሰተ አግዳሚው ሥር በጀርባዬ ተጋደምኩ። በሩ ተከፈተ።

«ወንድም ሆሬስ! ወደቁ እንዴ?» ፓስተር ዴቮን እየሮጠ መጣ።

«አልወደቅሁም። መረጃ እያጣራሁ ነው።»

«ምን መረጃ?»

«የእህት አልቬራ እግር በዘሯና በፓርቲዋ መካከል ይንጠልጠል አይንጠልጠል።»

ሰውየው ትንሽ አሰበና ኮቱን አውልቆ አጠገቤ ተጋደመ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ስፖንጅ ቢወድም።

ውሃ ልኩን ወለሉ ላይ አኖርነው፤ ወለሉ ቀጥ ያለ ነው፣ እብጠት የሚባል የለም። አንደኛውን አግዳሚ ለካን፤ አሥራ ስምንት። ሁለተኛውም አሥራ ስምንት። ሦስተኛው አሥራ ስድስት። እያንዳንዱን እየዞርን ለካን፤ አሥራ ሦስቱ ልክ አንድ ናቸው። «ያው እኮ ነው፣ ተሳስቶ ነው» ልል ስል ፓስተሩ ባትሪውን ወደ ላይ አበራ። ከእያንዳንዱ አግዳሚ ሥር ሉሺየስ ቁመቱን በእርሳስ ጽፏል፤ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ስምንት። ከሦስተኛው ሥር አሥራ ስድስት ብሎ ጽፎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ተሳስቶ ሁለት ጊዜ የሚያሰምር አናጢ የለም።

ፓስተር ዴቮን ተጋድሞ እንዳለ፣ «እኔ እኮ ከመድረክ ቀልጄበታለሁ» አለ።

«ሁላችንም ቀልደንበታል» አልኩት። ሉሺየስም አብሮን ይስቅ ነበር። ቀልዱን በጀመርነው ቁጥር ያ ዝምተኛ ሰው ራሱን ነቅንቆ፣ «አዎ፣ ያኛው ትንሽ ዝቅ አለብኝ» ይል ነበር።

ስመለስ አልቬራ ቶባያስን ስልኩ ላይ ይዛው ትጠብቀኛለች።

«ይነካል አይነካም?» አለችኝ።

«ይነካል። ወለሉ ግን አላበጠም።» የእርሳሱን ነገር ነገርኳት። ያሰመረበትን ጭምር።

አልቬራ ተቀመጠች። የወጥ ቤት ወንበሯ ላይ እግሯ አየር ላይ ቀረ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

«ምንም አላለኝም እኮ» አለች። «ሆሬስ፣ አርባ አምስት ዓመት ወለሉ ነው ስል ዝም ብሎኝ ሞተ። እናንተ አበላሸ እያላችሁ ስትስቁበት… እኔም አንድ ሁለቴ ስቄያለሁ።» መሐረቧን ፈለገች፣ በሊጥ እጇ ፊቷን ጠረገች፣ ግንባሯ ዱቄት በዱቄት ሆነ። አንጀቴን በላችው።

ስልኩ ውስጥ ልጁ ቀስ ብሎ፣ «ወይዘሮ ቲምስ፣ 'ባለቤታቸው አግዳሚውን ለእሳቸው እግር ብለው ዝቅ አድርገው ሠሩት' ብዬ ላርመው?» አለ።

«አርመው።»

«ለዚህ… ሌላ ምስክር ይኖራል?»

«ምስክሩ ሞቷል ልጄ።»

እሑድ ደረሰ። አልቬራ እንደ ልማዷ አንድ ሰዓት ዘግይታ ስትገባ ስብሰባው ሊጀመር ነበር። ፓስተር ዴቮን ሐሳቡን ሲያቀርብ ድምፁ እንደ ድሮው አልነበረም። እኔ ተነሳሁ። ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ ለጋዜጠኛ ያጠራቀምኩትን ሁሉ አወረድኩት። ስለ አሥራ ስድስት፣ ስለ መስመሩ፣ ስለ ሳቃችን ተናገርኩ። «ወገቤ ይሰበር! አንድ አግዳሚ ከዚህ ቤት አይወጣም!» ብዬ እንባዬ መጣ። ሴቶቹ አሜን አሉ። ወንዶቹም አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«ሆሬስ፣ ተቀመጥ» አለች አልቬራ።

ተቀመጥኩ።

እሷ ተነሳች፤ መነሳቷን ለማወቅ ግን አጠገቧ መሆን ያስፈልግ ነበር። «አሥራ ሦስቱን ሽጧቸው» አለች።

ጉድ ፈላ። የአንዲት ዘማሪ ማራገቢያ ከእጇ ወደቀ።

«ያልኩትን ሰምታችኋል። ሉሺየስ አሥራ ሦስቱን ለቤተ ክርስቲያን ሠራ፣ ቤተ ክርስቲያን የወደደችውን ታድርጋቸው። እኔ እነሱ ላይ እግሬ ነክቶ አያውቅም፤ ለምን እንደምሟገትላቸው እንጃ። አንዱን ግን ለኔ ሠራ። እሱ ንቅንቅ አይልም፣ እኔም ንቅንቅ አልልም። ጨርሻለሁ።» ተቀመጠች።

እጅ ወጣ፤ ማንም አልተቃወመም። በሕይወቷ ለአዲስ ነገር እጇን ስታወጣ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። በከንቱ ያለቀስኩት ግን እኔ ነኝ፣ ይህንንም አልረሳላትም።

መጽሔቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጣ። ስምንት ገጽ! በረንዳው አረንጓዴ ነው፣ ፓዩ የኮክ፣ ቁራጩ ሦስት፣ ሽማግሌው ቲማቲም ያጠጣል። ሕመም አለ፣ ታሪክ አለ፣ «እንቆቅልሽ» የሚል ቃል ስድስት ጊዜ አለ። አግዳሚው የለም። ቶባያስ ራሱ ደውሎ አፍሮ ነገራት፦ የተንጠለጠለው እግር እውነት ስላልሆነ ተሰረዘ፤ እውነቱ ደግሞ ከጽሑፉ ሐሳብ ጋር አልሄድ አለ። የቦይድም ጽሑፍ ወጣ፤ ከፎቶዋ አጠገብ ቆቡ ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ፎቶ ተነስቷል፣ ርዕሱ «ነፃ የወጣችው ሴት» ይላል።

«ከምን?» አለችኝ አልቬራ።

«ከኔ ይሆናል» አልኳት።

በምርጫው ቀን እንደ ልማዳችን ድምፃችንን ተጣፋፍተን አሳችንን በላን።

አሁን እሑድ እሑድ እኔ ስፖንጄ ላይ ተንፈላስሼ ከአልቬራ አግዳሚ አጠገብ እቀመጣለሁ። በስፖንጅ ወንበሮች መሀል አንድ አሮጌ፣ አጭር አግዳሚ አለ። እንግዳ ሲመጣ ለምን ዝቅ አለ ብሎ ይጠይቃል፤ አሁን ማንም አይስቅም። መዘምራኑ ሲጀምሩ የአልቬራ ተረከዝ ወለሉን ከከበሮው ጋር እኩል ይመታል፣ ጠ፣ ጠ፣ ጠ። ድሮ አይሰማኝም ነበር ወይስ ጆሮ አልሰጠሁትም፣ አላውቅም። ቶባያስ ዛሬም ቢደውል ግን ምስክር አለው፤ ይነካል።