ሳይፈረምበት የደረሰው ማመልከቻ

በመሥሪያ ቤታችን «እትዬ ቁልፍ» የምንላቸው ጸሐፊ ነበሩ። ሃያ ስድስት ዓመት የምስጢር ደብዳቤ ሲጽፉ ኖረዋል። ለአፍታ እንኳ ከክፍላቸው ሲወጡ መሳቢያቸውን ቆልፈው፣ መቆለፉን ደግሞ ሁለት ጊዜ ስበው ያረጋግጣሉ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን አባባል የሚያህል ምክር አልነበራቸውም።

ጠረጴዛቸው ላይ የነበረችው ትንሽ ፕሪንተር ስትበላሽ ሌላ አልተገዛላቸውም። ኮሪደሩ ላይ፣ ከመዝገብ ቤቱ በር ጎን የቆመው ትልቁ ማሽን ኮፒም ስካንም ፋክስም ይሠራል፤ እሱኑ ከሁላችንም ኮምፒውተር ጋር አገናኙትና ፕሪንትም በዚያው ይሁን ተባለ። እትዬ ቁልፍ አልወደዱትም። እሳቸው እዚህ ያዝዛሉ፣ ወረቀቱ ከዓይናቸው ርቆ እዚያ ይወጣል። መዝገብ ቤት የሚሠራውን ወጣት ደግሞ ጆሮ ጠቢ ነው ብለው ከጠረጠሩት ቆይተዋል።

አንድ ሰኞ የዝውውር ማመልከቻ ጻፉ። ታናሽ እህታቸው በሌላ ከተማ ታማ አስታማሚ አጥታለች፤ ይህን ለማናችንም አልነገሩንም። ፕሪንት ብለው አዘዙና ፈጠን ብለው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ምንም የለም። ተመልሰው አዘዙ፣ አሁንም የለም። ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። የመዝገብ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወጣቱን ሰላምታ ነፈጉት።

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛቸው ላይ ስም የሌለው የታሸገ ፖስታ አገኙ። ተንኮል ነው ብለው ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ አስጠሯቸው።

«እትዬ፣ ጥለውን ሊሄዱ ነው እንዴ?»

ማመልከቻው ሥራ አስኪያጁ እጅ ላይ ነው፤ ፊርማ እንኳ የለበትም። እትዬ ቁልፍ ደማቸው ፈላ። ከዚያ ወጥተው በቀጥታ መዝገብ ቤት ገቡ።

«ደብዳቤዬን ማን ስጥ አለህ?»

ወጣቱ ረጋ ብሎ አስረዳቸው። እሳቸው ኮምፒውተሩ ላይ የመረጡት መጠን ያለው ወረቀት ማሽኑ ውስጥ አልነበረም፤ ማሽኑ ደግሞ የታዘዘውን ይዞ ይጠብቃል እንጂ አይረሳም። ጠዋት እሱ ያንን ወረቀት ሲጨምርበት ሦስቱም ተከታትለው ወጡ። ሁለቱን ሰው ሳያይ አንስቶ በፖስታ አሸገላቸው፤ ሦስተኛው ግን ከኋላው ከወጣው የሥራ አስኪያጁ ሰነድ ጋር ተደባልቆ ሄዷል።

«አንብበኸዋል?»

«ካላነበብኩት የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ፣ እትዬ?»

እትዬ ፊታቸውን አዙረው ወጡ። ክፍላቸው ተመልሰው ፖስታውን ቀደዱት። ሁለቱ ቅጂዎች አሉ፤ የላይኛው ጥግ ላይ በእርሳስ «እህትዎን ይማርልዎት» ተብሎ ተጽፏል።

ዝውውሩ በወሩ ተፈቀደ። ሥራ አስኪያጁ ሲፈርሙ፣ የመዝገብ ቤቱ ልጅ ስለ እሳቸው መጥቶ እንደለመናቸው ነገሯቸው። እትዬ ቁልፍ ወጣቱን አመስግነው፣ ጉንጩን ስመው ተሰናበቱት። እኔን ግን በር ድረስ ስሸኛቸው ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ምናልባት ወንበሬን ፈልጎ ይሆን?» አሉኝ።

ወንበሩ ከሌላ ክፍል ለመጣች ጸሐፊ ተሰጠ። ወጣቱ ዛሬም መዝገብ ቤት ነው፤ የእትዬን እህት ጤና በስልክ የሚጠይቅ ከእሱ ሌላ የለም።