ባሌ፣ ልጄና ዝይዎቹ

ባሌ ክርክር ሲያልቅበት ምሳሌ ፍለጋ ወደ እንስሳት ይሄዳል። ልጃችን ጓደኛዋ ማርገዟን የነገረችን ቀንም እንደ ልማዱ አደረገ። ልጃችንና ይህች ጓደኛዋ፣ ሁለቱ ሴቶች፣ ከተጋቡ ቆይተዋል፤ ጋብቻውን እንደምንም በዝምታ አልፎት ነበር። ይህን ግን አልቻለም።

"አርግዛ የምትወልደው እሷ፣ እናት የምትሆኚው አንቺ? እንስሳ እንኳ እንዲህ አያደርግም!" አላት።

ልጄ እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ንዴቷን የምትወጣው በስልኳ ነው። በማግስቱ ሁለት ወንድ ዝይዎች ጫጩት ሲያሳድጉ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከችለት።

"መኪና ማቆሚያውን በኩስ የሚያበላሸው ዝይ ነው እኔን የሚመክረኝ?" አለ ባሌ። እሱ አንበሳ ሲጠራ እሷ ሌላ ወፍ ስትልክ፣ ከዚያም ተኳርፈው እኔ በመሃል መልእክተኛ ስሆን ከረምን። ሲበቃኝ፣ "ድመትም አንዳንዴ ልጇን ትበላለች፤ እሱንም እንማር?" አልኳቸው። ሁለቱም ተቀየሙኝ። ከእንስሳ መሃል የሚስማማውን የሚያጣ ሰው የለም። ልጄ የፈለገችው ግን ዝይ አልነበረም፤ አባቷ እናት ብሎ እንዲቀበላት ነበር።

ልጁ የተወለደው ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን ነው። ገንፎ አገንፍቼ፣ ከቤታችን ከብሩክሊን ፓርክ እነሱ እስከሚኖሩበት ሮቢንስዴል ድረስ ባሌ በመኪና አደረሰኝ። ደጃቸው ስንደርስ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ "አንቺ ግቢ፣ እኔ እዚሁ ነኝ" አለ። ትዕቢቱ አንገበገበኝ፤ የመኪናውን በር ደህና አድርጌ ወርውሬበት ገባሁ።

አራሷን "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብዬ ገንፎውን በቅቤና በበርበሬ አጎረስኳት። ልጄ በመስኮት መኪናውን ታያለች። ሳትወልድ እናት ለሆነችው ለእሷ ግን ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። ድንገት ሕፃኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ተነሳች።

"ወዴት ነው?"

"ጀስት ዳዲ ይየው፣ ማሚ።"

በእኛ ወግ ክርስትና ያልተነሳ ልጅ እንኳን በበረዶ በፀሐይም ደጅ አይወጣም። እየጮኽኩ ተከተልኳት።

ባሌ ሲያያት ከመኪናው ዘሎ ወረደ። ጃኬቱን አውልቆ ሕፃኑ ላይ ጣለና ትከሻዋን ይዞ ወደ በሩ መለሳት።

"በዚህ ብርድ! የትናንት ልጅ! አንቺ እናት አይደለሽም እንዴ?"

ልጄ ደረጃው ላይ ቀጥ አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"ነኝ፣ ዳዲ" አለችው።

"ታዲያ ግቢያ!" አለና በሩን ይዞላት ተከትሏት ገባ።